ቢሮ፣ ጁሪ እና የማታ ሙዚካል፦ እንግሊዝ አገር ሶስቱን አንድ ላይ ለማስኬድ

እዚ እንግሊዝ አገር ቀን ቢሮ እየሰራችሁ ማታ ማታ ሙዚካል ቲያትር ላይ መዝፈንና መጫወት ለምትፈልጉ ነው ይሄን ምጽፈው። ይቻላል። ብዙ ሰው ግን አንድ ሁለት ሾው ሰርቶ ያቆማል፣ ያውም በጣም እየወደደው። ምክንያቱም ቢሮ ደሞዝ አለው፣ ጁሪ ማለትም በዕጣ ፈራጅ ሆናችሁ ምትጠሩበት ፍርድ ቤት ህግና ቅጣት አለው፣ ቲያትሩ ግን ያለው እናንተ የሰጣችሁት ቃል ብቻ ነው፣ እና ሶስቱ አንድ ሳምንት ላይ ሲገጣጠሙ ሁሌ ሚሸነፈው ጠበቃ የሌለው ነው። ስለዚ ከታች ያለው በሙሉ ስራችሁንም የዜግነት ግዴታችሁንም ሳትበድሉ ቲያትሩን እንዴት እንደማታስነኩት ነው። መላው ብዙ አደለም፣ ቀኑን ቀድሞ ማወቅና ቀድሞ መናገር ነው፣ ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው። ሰዓት ስጽፍ ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ለማታውቁት፣ አማተር ሶሳይቲ ሚባለው በየከተማው በየሰፈሩ ያለ ቡድን ነው፣ ነርሱም አካውንታንቱም ጡረተኛውም ተሰብስቦ በአመት አንድ ወይ ሁለት ሙዚካል ያቀርባል። ተዋናዩ አይከፈለውም፣ እንደውም የአባልነት ይከፍላል፣ ብዙ ቦታ ለየሾውም ትንሽ ገንዘብ ይጨመራል፣ ምክንያቱም ቲያትር ቤቱ ኪራይ አለው፣ የድርሰቱ ባለመብቶች የፈቃድ ክፍያ ይወስዳሉ፣ ኦርኬስትራው ላይ ያሉት ሙዚቀኞችም ብዙ ጊዜ ይከፈላቸዋል። ኖዳ ሚባል አገር አቀፍ ማህበር አላቸው፣ ከ1899 ጀምሮ ያለ፣ ድረገጹ ላይ አካባቢያችሁ ያለውን ሶሳይቲ መፈለግ ትችላላችሁ። የኛ ሰው መሀል ይሄ ነገር የፈረንጅ ብቻ ሚመስለው አለ፣ ግን እኮ ስንቱ አባትና እናት የቀበሌ ኪነት ውስጥ ቀን ስራ ውሎ ማታ ሲዘፍንና ድራማ ሲያጠና ነው ወጣትነቱን ያሳለፈው፣ ቤታችሁ ጠይቁ፣ አንድ አክስት አትጠፋም። እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው ብላችሁ ምትፈሩም አላችሁ፣ ኮረስ ውስጥ ሰላሳ ሰው አብሮ ሲዘፍን ሚፈለገው ቶናችሁ ልክ መሆኑና ሰዓት ማክበራችሁ ነው፣ በቃ።

መጀመሪያ የሲዝኑን ቅርጽ እወቁ

ቅርጹ ከሞላ ጎደል የትም አንድ ነው። ኦዲሽን ማለትም ተዋናይ መምረጫ ፈተና አለ፣ ከዛ ሶስት አራት ወር ልምምድ በሳምንት ሁለት ማታ፣ አብዛኛው ከ7፡30 እስከ 10፡00፣ ሰኞና ሐሙስ ሚሉ ብዙ ናቸው፣ መጨረሻ አካባቢ እሁዶች ይጨመራሉ። ሲትስፕሮብ ሚባል ቀን አለ፣ ዘፋኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሙሉው ኦርኬስትራ ጋር ቁጭ ብለው ሚዘፍኑበት፣ እሱን በምንም ተአምር እንዳትቀሩ፣ ወራት ሙሉ በአንድ ፒያኖ ያጠናችሁት ነገር በቫዮሊንና በጥሩምባ ሲመጣ ስትሰሙ ለምን እንደምትደክሙ ይገባችኋል። ከዛ ሾው ዊክ ይመጣል። እሁድ ዲኮሩና ዕቃው ቲያትር ቤት ይገባል፣ ሰኞ ቴክ ነው ማለትም የመብራትና የድምፅ ጥናት፣ ማክሰኞ በሙሉ አልባሳት፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ሾው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማቲኔ ማለትም የቀን ሾው ይጨመርና ቅዳሜ ማታ መጋረጃው እንደተዘጋ ሁሉም ልብሱን ቀይሮ ዲኮሩን ያፈርሳል።

ደስ ሚለው ነገር ይሄ ሁሉ ቀን ቀድሞ ሚታወቅ መሆኑ ነው። ቲያትር ቤት ሚያዘው ብዙ ጊዜ ከአመት በፊት ነው። ስለዚ ኦዲሽን ከመሄዳችሁ በፊት ሾው ዊኩ መቼ እንደሆነ፣ ሲትስፕሮቡ መቼ እንደሆነ፣ የእሁድ ልምምዶቹ የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቁና ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡ። አንድ ካላንደር ይሁን፣ የቢሮው ለብቻ የቤቱ ለብቻ የቤተክርስቲያኑ ለብቻ ከሆነ ግጭቱን ምታዩት ሳምንቱ ሲደርስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

እዚ ላይ እኛን በተለይ ሚመለከት ነገር አለ። ፈረንጆቹ ፕሮግራም ሲያወጡ የራሳቸውን ፋሲካ ያስባሉ፣ የኛን አያውቁም። እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ ምርጫ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሜይ የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። 2024 ላይ ያ ሐሙስ ሜይ 2 ነበር፣ የለንደን ከንቲባ ምርጫም የዛን ቀን ነው የተካሄደው፣ እና ለኛ ጸሎተ ሐሙስ ነበር፣ ፋሲካችን ሜይ 5 ስለዋለ። የልምምድ ማታው ሐሙስ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ስግደትም ምርጫም ልምምድም ቢሮም ገጠሙት ማለት ነው። እንዲ አይነቱ ቀን ከወራት በፊት ሲታይ ምንም አደለም፣ ሐሙሱን ከልምምድ ትቀራላችሁ፣ የምርጫ ድምፃችሁን በፖስታ ትልካላችሁ፣ ከቢሮ ግማሽ ቀን ትወስዳላችሁ። ረቡዕ ማታ ሲታወቅ ግን አንዱ ይወድቃል፣ የትኛው እንደሆነ ደሞ ተናግሬያለሁ። ስለዚ ባህረ ሀሳቡን አይታችሁ ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል የዛን አመት ካላንደር ላይ ቀድማችሁ ጻፉት፣ ሙስሊም ከሆናችሁም ረመዳንና ኢዱን በየአመቱ ቀኑ ቀደም ስለሚል በየሲዝኑ እንደገና እዩት።

ኦዲሽን ላይ ምትሞሉት ፎርም

ኦዲሽን ላይ ፎርም ይሰጣችኋል፣ ማትገኙባቸው ቀኖች የትኞቹ ናቸው ሚል ቦታ አለው። እውነቱን ሙሉ። ሰርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ ማህበሩንም፣ ከቢሮ ለስራ ጉዳይ ወደ ሌላ ከተማ ምትሄዱበትንም። ብዙ ሰው ብዙ ቀን ከጻፍኩ አይወስዱኝም ብሎ ባዶውን ይተወዋል፣ ይሄ ግን ሰው ላይ ነው ሚወድቀው፣ ዳይሬክተሩ የትዕይንቱን ቅደም ተከተል ሚሰራው በዚ ፎርም ነውና እናንተ ማትኖሩበትን ቀን ካወቀ እናንተ የሌላችሁበትን ትዕይንት ያደርግበታል፣ ካላወቀ ግን አስራ አምስት ሰው ከስራ ሮጦ መጥቶ እናንተን ይጠብቃል። አማተር ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ ይሄንን አስታውሱ።

ስለ ሮሉ ደሞ የኔ አስተያየት ይሄ ነው፣ አዲስ ስራ የጀመራችሁበት አመት ወይ ፈተና ያለባችሁ አመት ከሆነ ዋና ገጸ ባህሪ አትጠይቁ፣ ኮረስ ግቡ። ኮረስ ትንሽ ነገር አደለም፣ ትልልቆቹን ዘፈኖች ሚሸከመው እሱ ነው፣ ግን አንድ ማታ ብትቀሩ ልምምዱ ይቀጥላል። ዋና ሮል ከያዛችሁ ያለናንተ ልምምዱ ራሱ የለም።

ቢሮ

አለቃችሁን ቀድማችሁ ንገሩት። በሆነ ምክንያት የኛ ሰው ይሄን ይደብቃል፣ ስራዬ ላይ ቁምነገረኛ አደለም ይሉኛል ብሎ ይፈራል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፣ አለቃ ሚናደደው በድንገት ሲሆን ነው፣ ከአራት ወር በፊት ቀኑ የተጻፈለት አለቃ ብዙ ጊዜ ትኬት ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል።

ህጉ ምን ይላል፣ በሳምንት አምስት ቀን ምትሰሩ ከሆነ በአመት ቢያንስ 28 ቀን ሚከፈልበት ፈቃድ አላችሁ፣ አሰሪው የህዝብ በዓላቱን ከዚ ውስጥ ሊቆጥር ይችላል። በህጉ ዝቅተኛው የማስታወቂያ ጊዜ የምትወስዱት ፈቃድ እጥፍና አንድ ቀን ነው፣ ለአንድ ቀን ፈቃድ ሶስት ቀን ቀድሞ ማለት ነው፣ የመስሪያ ቤታችሁ ውል ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል እሱን እዩ፣ ደሞም በህግ ስለሚበቃ ብቻ ሶስት ቀን ሲቀረው አትጠይቁ። የልምምድ ቀን ቀደም ብላችሁ መውጣት ካስፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት 8፡00 ገብቶ 4፡00 መውጣት፣ ፍሌክሲብል ወርኪንግ ሚባለውን፣ የስራ ሰዓት ማስተካከያ ማለት ነው፣ በጽሁፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ስራ ከጀመራችሁበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ መብት ነው፣ በአመት ሁለቴ መጠየቅ ይቻላል፣ አሰሪው ደሞ በሁለት ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መጠየቅ ነው መብቱ፣ እሺ መባል አደለም፣ ስለዚ ጥያቄው ላይ ስራው እንዴት እንደሚሸፈን ጻፉበት። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፣ የትኞቹን ቀኖች፣ ስንት ሰዓት፣ እናንተ በሌላችሁበት ስልኩን ማን እንደሚያነሳ፣ ከመቼ እስከ መቼ። ሲዝኑ ሲያልቅ እንደሚያበቃ መጻፍ አትርሱ፣ አለቃን ሚያረጋጋው እሱ ነው።

ሾው ዊክ ላይ ሙሉ ሳምንት ፈቃድ ማውጣት አያስፈልግም። እኔ ምመክረው የሰኞውን ግማሽ ቀን ነው፣ ምክንያቱም ቴክ ማታ ይረዝማል፣ ከዛ ረቡዕ ሙሉ ቀን ለመክፈቻው፣ እና ብዙ ሰው ሚረሳው ከሾው በኋላ ያለውን ሰኞ። ቅዳሜ ሁለት ሾው ተጫውታችሁ ሌሊት ዲኮር አፍርሳችሁ እሁድ ቅዳሴ ቆማችሁ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ብትቀመጡ ሰውነት ብቻ ነው ሚገኘው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና አርብ ግን ስራ ግቡ፣ ጠዋት ቢሮ መዋል እንደውም ፍርሀቱን ያስረሳል።

ቃለ ተውኔት ማጥናቱን በተመለከተ፣ ማታ ቤት ገብቼ አጠናለሁ አትበሉ፣ አታጠኑም። ባቡር ላይ ነው ሚጠናው። ሙዚቃ መሪው የናንተን የድምፅ መስመር ብቻውን ፒያኖ ላይ እንዲመታላችሁ ጠይቁትና ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ስትሄዱም ስትመለሱም ስሙት። ንግግር ያለበትን ደሞ የሌላውን ተዋናይ መስመር ራሳችሁ አንብባችሁ ቅዱና የናንተ መስመር ጋ ዝም በሉ፣ ባዶውን እየሞላችሁ ነው ምትለማመዱት።

ጁሪ ስትጠሩ

የእንግሊዝ ዜግነት ወስዳችሁ የመራጮች መዝገብ ላይ ከተመዘገባችሁ አንድ ቀን ፖስታ ሊመጣ ይችላል። ሚጠራው በዕጣ ነው፣ ዕድሜ ከ18 እስከ 75፣ ከ13 አመት ዕድሜ በኋላ ቢያንስ 5 አመት እዚ አገር የኖረ። ብዙ አበሻ ፖስታውን ሲያይ የተከሰሰ ይመስለዋል፣ አደለም፣ ከአስራ ሁለቱ ፈራጆች አንዱ እንድትሆኑ ነው የተጠራችሁት፣ እና እኔ ይሄንን እንደ ሸክም እንድታዩት አልፈልግም። ከኛ ሰው ስንቱ ነው ፍርድ ቤት ሚባለውን ከሩቅ እየፈራ ያደገው፣ እዛ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአንድን ሰው ጉዳይ በጥሞና ሰምቶ መወሰን ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብከሰስ እኔን ሚመስል ሰው እዛ መሀል ቢኖር ደስ ይለኛል።

መልስ ምትሰጡት በ7 ቀን ውስጥ ነው። ዝም ካላችሁ ወይ ቀኑ ደርሶ ካልሄዳችሁ እስከ 1000 ፓውንድ ቅጣት አለው። አገልግሎቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 የስራ ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከ10፡00 እስከ 5፡30 አካባቢ። አሁን ይሄንን ሰዓት ከልምምዱ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ልምምድ 7፡30 ነው ሚጀምረው። ስለዚ ጁሪ ሚጋጨው ከቢሮው ጋር ነው እንጂ ከተራ የልምምድ ሳምንት ጋር አደለም፣ እንደውም ቀኑን ሙሉ ዝም ብላችሁ ስለምታዳምጡ ድምፃችሁ ያርፋል። መጋጨት ሚጀምረው ሾው ዊክ ላይ ነው። ችሎቱ መቼ እንደሚለቃችሁ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ስልክ ደሞ ጁሪዎቹ ለውሳኔ ሲቀመጡ ይወሰዳል፣ እና 6፡00 ላይ ሜካፕ መቀባት ያለበት ሰው የት እንዳለ ሳይታወቅ ይቀራል።

የማራዘም ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሚፈቀደው። ለዛ ነው በተራ ልምምድ ወይ በቢሮ ጥድፊያ ምክንያት እንዳታባክኑት ምላችሁ። ጥሪው ሾው ዊክ ላይ ከወደቀ መልሱ ላይ በግልጽ ጻፉ፣ ቀኑን፣ ሮላችሁን፣ ተተኪ አለመኖሩን፣ ትኬት መሸጡን፣ ከዛም በሚቀጥሉት 12 ወራት ውስጥ መቼ መቼ እንደምትችሉ። ውሳኔው የነሱ ነው፣ ግን ግልጽ ምክንያትና አማራጭ ቀን የያዘ ጥያቄ ከለቅሶ የተሻለ ይሰማል። አለቃችሁ ደሞ ስራው በጣም ይጎዳብኛል ካለ እንድታራዝሙ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ስለዚ ፖስታው በመጣ ቀን ሁለቱንም ቀናቶች ይዛችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ ያቺን አንድ ዕድል ለቢሮ ነው ለሾው ነው ምታወጡት ሚለውን ተስማሙ። ረጅም ችሎት ሊሆን ነው ሲባል ጁሪዎቹ ከመመረጣቸው በፊት ፍርድ ቤቱ ይጠይቃል፣ ሾው እንዳለባችሁ ያኔ ተናገሩ፣ ቃለ መሀላ ከፈጸማችሁ በኋላ አደለም።

ገንዘቡ ላይ አሰሪ ፈቃድ መስጠት ግዴታው ነው፣ ደሞዝ መክፈል ግን ግዴታው አደለም። የናንተ መስሪያ ቤት ካልከፈለ ፍርድ ቤቱ ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ለዋላችሁበት ቀን እስከ 64.95 ፓውንድ ለቀረባችሁ ገቢ ይተካል፣ የትራንስፖርትም አለ። ለዚ አሰሪያችሁ ሚሞላው ፎርም ስላለ አገልግሎቱ ሳይጀመር አስሞሉት።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ልምምድ እረፍት ላይ ሻይ ይዘን ስንቆም ሁሉም ጁሪ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ተዋናይ ደሞ ታሪክ ይወዳል። ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል እንዳትናገሩ፣ የካስቱ ዋትሳፕ ላይም፣ ቤት ለባለቤታችሁም። ኢንተርኔት ላይ ስለ ተከሳሹ መፈለግም በወንጀል ሚያስቀጣ ነው፣ እስር ድረስ። ፍርድ ቤት ነኝ፣ ሀሙስ እመጣለሁ፣ ይሄ ይበቃል። ስቴጅ ማናጀሩ፣ መድረኩን ሚያስተባብረው ሰው፣ ግን ስልካችሁ ቀን ቀን እንደማይሰራ ይወቅ፣ ደሞ ያመለጣችሁን እንቅስቃሴ ሚጽፍላችሁ አንድ ሰው ያዙ።

ምርጫ

ምርጫ እዚ አገር ሐሙስ ነው በልማድ፣ ጣቢያው ከጠዋቱ 7፡00 እስከ ማታ 10፡00 ክፍት ነው። ሐሙስ ደሞ የልምምድ ወይ የሾው ማታ ነው። ጠዋት ስራ ከመግባታችሁ በፊት ምረጡ፣ ከ2023 ጀምሮ ፎቶ ያለው መታወቂያ ስለሚጠየቅ ፓስፖርት ወይ መንጃ ፈቃድ ማታውኑ ቦርሳ ውስጥ አስገቡት። ሾው ዊክ ከሆነ በፖስታ መምረጡን ቀድማችሁ አመልክቱ፣ ማመልከቻው ከምርጫው 11 የስራ ቀን በፊት 5፡00 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሌላ ሰው ማያስታውሰው ነገር፣ ልምምድ ምታደርጉበት የቤተክርስቲያን ወይ የሰፈር አዳራሽ ራሱ ምርጫ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፣ ያን ማታ ቦታ የላችሁም ማለት ነው፣ ለኮሚቴው ቀድማችሁ አስታውሱ።

ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ለመስራት ምታስቡም አላችሁ፣ ካውንስሉ ይከፍላል፣ ጥሩ ነገርም ነው፣ ግን ከማለዳ እስከ ሌሊት ከዛ አትወጡም። የሾው ሳምንት ላይ አይሆንም። ማጅስትሬት ማለትም በታችኛው ፍርድ ቤት በበጎ ፈቃድ ሚያገለግል ዳኛ መሆን ምትፈልጉ ደሞ በአመት ቢያንስ 13 ቀን ይወስዳል፣ እንደ ትምህርት ቤት ገቨርነርነቱ (የትምህርት ቤት ቦርድ አባልነት) ሁሉ የ1996ቱ የስራ ህግ ተመጣጣኝ ፈቃድ ይሰጣችኋል፣ ክፍያ ግን አያስገድድም። ማጅስትሬትነት ምትጀምሩበት አመት ኮረስ ውስጥ ሁኑ።

ለቅሶ

ህግ ማያውቀው የኛ ግዴታ ለቅሶ ነው። ቀን የለውም፣ ካላንደር ላይ አይገባም። መርዶ ሲነገር ማልዶ መሄድ አለ፣ ድንኳኑ ባይኖርም አዳራሹ አለ፣ የእድር ተራ አለ። እኔ ምለው፣ ልምምድ ከሆነ ልምምዱን ትታችሁ ሂዱ፣ ፈረንጆቹ ይረዳሉ፣ ቤተሰብ ሞቶብኝ ነው ማለት ይበቃል። ሾው ከሆነ ግን ሀዘንተኛው የቅርብ ዘመድ እስካልሆነ ድረስ ጠዋት ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ፣ ለሽማግሌዎቹ ማታ ለመቶ ሰው ቃል አለብኝ ብላችሁ ተሰናብታችሁ ውጡ። በግልጽ የነገሯቸው ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ሹልክ ብሎ የወጣውን ነው ሚታዘቡት። በሳልስቱ ደሞ ተመልሳችሁ ሂዱ።

ድምፅና ሰውነት

እዚ አጭር ልሁን። ቢሮ ጠረጴዛችሁ ላይ ውሃ ይኑር፣ ድምፅ ሚረጥበው በሰዓታት ነው እንጂ ልምምድ በር ላይ በሚጠጣ አንድ ብርጭቆ አደለም። ስብሰባ የበዛበት ቀን ከሆነ ማታ በግማሽ ድምፅ ዘምሩ፣ ሙዚቃ መሪው ይፈቅዳል። ጾም ላይ ከሆናችሁና እስከ ዘጠኝ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ምትቆዩ ከሆነ ከቢሮ ሳትወጡ በደንብ ብሉ፣ ሽሮ ወይ ምስር በእንጀራ በዕቃ ቋጥራችሁ ያዙ፣ የልምምድ አዳራሽ ያለው ብስኩት ነው እሱም ቅቤ አለበት። ሾው ዊክ ላይ የኮረሱን የእራት ፕሮግራም ሚያዘው ሰው ማነው ብላችሁ ጠይቁና ጾመኛ መሆናችሁን ንገሩት።

ሾው ሲያልቅ ደሞ ሁለት ስራ አለ። የተከራያችሁት ስክሪፕት ላይ የጻፋችሁት በሙሉ በላጲስ ጠፍቶ ይመለሳል፣ ለዛ ነው ከመጀመሪያው በእርሳስ ብቻ ጻፉ ሚባለው፣ ካልጠፋ ሶሳይቲው ሊከፍል ይችላል። እና የሚቀጥለው ሾው ዊክ ቀን እዛው ዲኮር እያፈረሳችሁ ሳለ ኮሚቴውን ጠይቁ፣ ሰኞ ፈቃዳችሁ ላይ ሆናችሁ ካላንደሩ ላይ አስገቡና ማክሰኞ ቢሮ ስትመለሱ ለአለቃችሁ ንገሩት።